የሒሳብ መምህሩ ልጅ ትምህርት ጠላች

ዲላ ከተማ ውስጥ መምህር ወልደዮሐንስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከመናኸሪያ የወረደ እንግዳ ነው፣ ወይ ደግሞ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አጥር ዘሎ ሲጠፋ የኖረ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ አስተምሯል። ባንክ ሲገባ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ተማሪው ናት፤ ጤና ጣቢያ ሲሄድ መርፌ የሚወጋው ተማሪው ነው፤ ባጃጅ ሲሳፈር ሾፌሩ ዞር ብሎ "ቲቸር፣ አላወቁኝም?" ይለዋል። እሱም "አወቅሁህ እንጂ! ለመሆኑ የሰባትን ማባዣ ቻልከው?" ሳይል አይወርድም። ሰዉ ይስቃል። እሱ ግን ለቀልድ አይደለም የሚጠይቀው፤ የምር ማወቅ ስለሚፈልግ ነው።

ወደዚህ አገር ያመጣው ዕጣ ነው። በ1982 ዓ.ም. ከኮተቤ በዲፕሎማ ሲመረቅ ምደባው በዕጣ ነበርና እጁን ሰደደ፣ አንዲት የተጠቀለለች ወረቀት አወጣ፣ ሲፈታት "ሲዳሞ፣ ጌዴኦ አውራጃ" ትላለች። ደብረ ማርቆስ ላሉት እናቱ ይህ ሄደው የማይመለሱበት አገር ነበር። "ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ እማዬ" ብሏቸው መጣ። እናቱ ሞቱ፣ የሱም ጸጉር ሸበተ፣ ሁለቱ ዓመት ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። የመጀመሪያ ሐሳቡ መሐንዲስ መሆን ነበር፤ ነጥቡ ለጥቂት ጎደለበትና አስተማሪ ሆነ። በኋላ ክረምት ክረምት እየተማረ ዲግሪውን ያዘ። ያችን የጎደለችውን ነጥብ ግን በልቡ ሲደምራት ኖረ።

ከተማ አስተዳደር መዝገብ ቤት የምትሠራውን ይመኙሻልን አግብቶ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ተቀመጡ። "በቃ የኛ ልጆች ተማሪዎችህ ናቸው" ብላ ተስፋ ቆርጣ ሳለ ነው ኤልቤቴል የተወለደችው። ስሙን ያወጣችው እናት ናት። አባትየው ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ብቻውን ፈገግ ሲል የሚታይ ሰው ሆነ።

ልጅቷ ደግሞ ልጅ ብቻ አልነበረችም። ገና አምስት ዓመቷ ሳለ "አባዬ፣ ቁጥር የሚያልቀው የት ጋ ነው?" ብላ ጠየቀችው። "አያልቅም" ሲላት ለሁለት ቀን አኮረፈችው፤ የደበቃት መስሏት ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላት አጠገቡ ተቀምጣ የሚያርመውን የፈተና ወረቀት ድምር ታጣራለች። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ለዘጠነኞች ያወጣውን ፈተና ለጨዋታ ብላ ሠርታ፣ "ስምንተኛው ጥያቄ ሁለት መልስ አለው" ብላ መለሰችለት። እውነትም ሁለት መልስ ነበረው። በማግስቱ መምህራን በሚያርፉበት ክፍል ይህን እየደጋገመ ሲያወራ፣ ደመላሽ የሚባለው ወጣቱ የሒሳብ መምህር፣ "እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል ነበር የምንሰማው፤ የርስዎ ቤት ግን አመዱ እሳት ወለደ" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ወልደዮሐንስ ነበር።

በ2017 መስከረም ኤልቤቴል አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። ያንኑ መስከረም ደመላሽ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቡና ሊነግድ ፍስሐ ገነት ሄደ። አሥራ አንደኞችን የሚያስተምር ጠፋ። ወልደዮሐንስ ላለፉት አሥር ዓመታት ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቶ አያውቅም፤ ቢሆንም "እኔ እገባለሁ" አለ፤ ማንም ሳይለምነው። የገዛ ልጁን ሊያስተምር ነው! ለመጀመሪያው ቀን አዲስ ሸሚዝ ለበሰ፣ ጫማውን በሊስትሮ አስጠረገ፣ ይመኙሻልም "ሙሽራ መሰልክ እኮ" ብላ ሸኘችው።

ኤልቤቴል ሁለተኛው ረድፍ ላይ በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ስምንት ተማሪ አለ፤ የደረሰው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ግን አሥራ አንድ ነው። የቀረው በስልክ ነው የሚያነበው። አዲሱ መጽሐፍ ወልደዮሐንስ በወጣትነቱ ከተማረውና በኋላ ከረሳው ሒሳብ የበዛው አለበት። እሱ ደግሞ ቀርቶ አያውቅም፣ አርፍዶ አያውቅም፤ የሚያውቀውን ምዕራፍ ሲያስተምር ደስታው ራሱ ተማሪውን ያነቃዋል። የማያውቀው ላይ ሲደርስ ግን፣ "ይህ ቀላል ነው፣ ቤታችሁ አንብቡት" ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ዓይነት እስከ ጥቅምት ድረስ ሁለት ምዕራፍ ቀላል ሆነ።

ኅዳር ላይ ግን ማለፍ የማይቻል ነገር መጣ፤ ዲተርሚናንት። አንዱን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠራው፤ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው ጋር አልገጠመም። አጠፋውና እንደገና ሠራው፤ አሁንም ሌላ መልስ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ ክፍሉም ጸጥ ብሏል። ደወሉ ተደወለና አወጣው። በማግስቱ ጠዋት ቦርሳውን ሲከፍት መጽሐፉ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘ። ጥያቄው ከላይ እስከ ታች በኤልቤቴል ጽሕፈት ተሠርቷል፤ አናቱ ላይም "አባዬ፣ ትናንት ደክሞህ ነበር" ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት ስቶ ነበር። ወልደዮሐንስ አላፈረም። "ይቺ ልጅ!" ብሎ ወረቀቷን ሳማት፤ ክፍል ገብቶም እንዳለ ገለበጠው። ሲጨርስ ዞር ብሎ ልጁን አየ። እሷ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንድ ምሽት ሦስቱም እራት ቀርበው ሳለ ኤልቤቴል ጉርሻዋን ሳትጨርስ፣ "አባዬ፣ ትምህርት ቤት ልተው" አለች።

ወልደዮሐንስ ሳቀ። "ማን ቤት መስሎሽ ነው እንዲህ የምታወሪው?"

"የምሬን ነው።" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "በቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ አለን። ፊዚክስ መምህሩ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ኬሚስትሪ ላብ ቁልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው። ባዮሎጂ ላይ ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ ሰሌዳ ላይ ኖት ስገለብጥ እውላለሁ፣ መምህሯ ውጭ ፀሐይ ትሞቃለች። እንግሊዝኛ እኛው እናነባለን፣ እሱ ስልኩን ያያል። ጂኦግራፊ ላይ የአንድ ለአምስት ቡድኔን አስኮርጃለሁ፤ 'አግዣቸው' ነው የሚባለው። አይሲቲ ደግሞ ኮምፒውተር የለም፣ የኮምፒውተር ሥዕል ነው ያለው። አባዬ፣ እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ እየደነዘዝኩ ነው። በሳምንት የምጨርሰውን ዓመቱን ሙሉ እየጠበቅሁ ነው። ጠዋት ደብተሬን ስይዝ ማልቀስ ያምረኛል።"

ሰባት ትምህርት ልቆጥር ብላ ስድስቱ ላይ ቆመች። ይመኙሻል ይህን አስተዋለችና አቀረቀረች። ወልደዮሐንስ አላስተዋለም።

"ያለ ትራንስክሪፕት ማን ይፈትንሻል?" አላት። "የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይኖርሽ ለመልቀቂያው ፈተና ልመዝገብ ብትዪ ከበር ነው የሚመልሱሽ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ቀረ ማለት ነው። አንቺን የመሰለች ልጅ የሰው ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ስታነሺ ልትኖሪ ነው?"

"ሐዋሳ እታባ ሰላማዊት ጋ ሆኜ ላንብብ። እሷ ሱቅ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ባነሳም ቢያንስ እየሠራሁ ነው።"

ሰላማዊት የይመኙሻል ታናሽ እህት ናት፤ ሐዋሳ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ወልደዮሐንስ የተመታ ያህል ደነገጠ። ነገሩ የልጅ ኩርፊያ እንዳልሆነ፣ አክስቷን ሳይቀር አነጋግራ እንደጨረሰች ያን ጊዜ ገባው። "እስከ ግማሽ ዓመት ታገሺኝ" ብሎ ለመናት። እሷም ፊቱን አይታ "እሺ" አለች። አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ እራቱን መብላት አቃታቸው።

በማግስቱ ወልደዮሐንስ ልጁን ከትምህርት ያስጠላውን ጥፋተኛ ፍለጋ ወጣ። ሰው የራሱን ጀርባ ማየት አይችልምና እዩልኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉት ነገር በሱ ላይ ደረሰ፤ እሱ ግን ሳያውቀው ነው። የኬሚስትሪ ላቡን በር ከንብረት ክፍል ጋር ተጨቃጭቆ አሰበረው፤ ውስጡ ሸረሪት ድርና አንድ የተሰነጠቀ ቢከር ተገኘ። የባዮሎጂዋን መምህርት ከፀሐይዋ አስነሥቶ ተቆጣት። የእንግሊዝኛውን መምህር በመስኮት አጮልቆ ሲያየው ዓይን ለዓይን ተጋጩ። በሩ ላይ ያሉት የጌዴኦ ሰው የሆኑት አሮጌው ዘበኛ፣ አማርኛን በራሳቸው ሕግ ነው የሚናገሩትና፣ "ቲቸር፣ ያንተ ልጅ እኮ ዛሬም ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ያነባል። ግባ ስለው፣ 'አራተኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እገባለሁ' ይላል" አሉት። አራተኛው ክፍለ ጊዜ የሱ ነበር። ሰማና ደስ አለው። "አየህ፣ የኔን ክፍል ትወዳለች" አለ በልቡ።

በመጨረሻ ገመቹን ያዘው። ገመቹ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሦስት ቦታ እየተሯሯጠ የሚያስተምር፣ ነገር የማይደብቅ ሰው። "አንተ ነህ ልጄን ከትምህርት ያስጠላኻት!" ብሎ ሲጮህበት ገመቹ አልተቆጣም።

"ጥፋቴን አልክድም፣ ጋሼ። እቀራለሁ። ግን በገባሁ ቀን ልጅዎት ታፋጥጠኛለች። 'ይህ ከየት መጣ? ያኛውስ ለምን?' ትለኛለች። አንዳንዴ አላውቀውም፣ 'አላውቀውም፣ አንብቤ እመጣለሁ' እላታለሁ። እርስዎ ክፍልስ ትጠይቃለች?"

ወልደዮሐንስ አሰበ። ከመስከረም ጀምሮ ኤልቤቴል በሱ ክፍል አንድ ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም።

"አባቷ ነኝና ታከብረኛለች" አለው። ገመቹም "ልክ ነው፣ ጋሼ" ብሎ ዝም አለ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ፣ እንደ ልማዱ ተማሪዎች መምህራንን የሚገመግሙበት ቀን መጣ። ስም የማይጻፍበት ቅጽ ይታደላል፤ የትምህርቱ ዓይነት በተርታ ተዘርዝሯል፤ ተማሪው ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል፣ ከጎኑም አስተያየት ይጽፋል። ቅጹን ደምሮ አማካይ የሚያወጣው ደግሞ ሁልጊዜ ወልደዮሐንስ ነው። ደንቡ እንደማይፈቅድ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚደመር ነገር ሁሉ፣ የተማሪ ደረጃም ይሁን የመምህራን ዕድር፣ የሱ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚወድቀው። ሠላሳ አራት ዓመት ማንም እምነቱን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተቀምጦ የልጁን ክፍል፣ የአሥራ አንደኛ ቢን ቅጾች መደመር ጀመረ። ለሒሳብ አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ አምስት። "ቲቸር አይቀርም፣ ደስታው ያስቀናል።" "ቲቸር እንደ አባት ነው።" እያነበበ ፈገግ ይላል። ወደ መሐል ሲደርስ አንድ ቅጽ አነሣና እጁ ቆመ። ስም ባይኖረውም ጽሕፈቱን ያውቀዋል፤ እርሳስ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። ፊዚክስ ሁለት ይላል፤ "ሲመጣ ጥሩ ያስተምራል፣ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ግን አይመጣም።" ባዮሎጂ አንድ። እንግሊዝኛ አንድ። ለእያንዳንዱ ምክንያቱ ጎኑ ላይ ተጽፏል።

የሒሳብ ረድፍ ባዶ ነው። ነጥብ የለም፣ አስተያየት የለም። የለም ማለት ግን አይቻልም፤ ተጽፎ ጠፍቷል፤ ደግሞ ተጽፎ፣ ደግሞ ጠፍቷል። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ በላጲስ ተፍቋል። ወልደዮሐንስ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ብርሃን ላይ ሲይዘው ከጠፋው ጽሕፈት መጀመሪያው ብቻ ታየው፤ "አባዬ" ይላል። የቀረው አይነበብም።

ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። እራት ላይ ስትቆጥር ስድስቱ ላይ መቆሟ፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየቷ፣ ያለፋቸው ምዕራፎች፣ የገመቹ ዝምታ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣበት። እነዚያን ሁሉ መምህራን ሲሰድብ ከርሞ ጥፋተኛው እሱ ነበር። የሌሎቹን ጥፋት አፍ አውጥታ ተናግራለች፤ የሱን ግን መናገር አልቻለችም፤ ውሸት መጻፍም አልቻለችም። ያችን ልጅ እንዲህ አስጨንቋት መክረሙ ከውርደቱ ይበልጥ አንገበገበው። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሦስት የቀረው ሰው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

ባዶ የተተወ ረድፍ ከድምር ይወጣል ነው ደንቡ። እሱ ግን ባዶው ላይ ዜሮ ሞላ። አማካዩ ከአራት ነጥብ ስምንት ወደ አራት ነጥብ ሰባት ወረደ። አሁንም ከመምህራኑ ሁሉ አንደኛ የወጣው እሱ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ ልዑልሰገድ ቢሮ ገባ። ልዑልሰገድም ድሮ ተማሪው ነበርና ብድግ ብሎ ተቀበለው።

"ከአሥራ አንደኛ ክፍል አውጣኝ" አለ ወልደዮሐንስ። "ዐይኔ ደክሟል፤ ሰሌዳ ማየት አልቻልኩም። ቤተ መጻሕፍቱ ሰው የለውም፣ እዚያ አስቀምጠኝ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ከወጡ ማን ይገባል?"

"ዞኑ አዲስ ምሩቅ ይልካል ብለህ አልነበር?"

"ይልካሉ። መቼ እንደሆነ ግን…"

"እኔ ክፍሉ ውስጥ እያለሁ ማን ይቸኩላል? ባዶ መሆኑን ሲያውቁ በሁለት ሳምንት ይልካሉ።"

ይህን ሲናገር ሠላሳ አራት ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ የኖረ ሰው አይመስልም ነበር። ግን ሰው ለልጁ ሲል የማያምነውን ያምናል። በሐሳቡ አዲስ የተመረቀ ወጣት ታየው፤ ዲተርሚናንቱን እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ ኤልቤቴል እጇን ስታወጣ የማይደነግጥ። ልዑልሰገድ እየከበደው ፈረመለት። ወልደዮሐንስ ከቢሮው ሲወጣ ቀለል ብሎት ነበር። ወደ ቤት ሲሄድ ኤልቤቴል የምትወደውን አናናስ ገዝቶ ገባ።

"ዐይኔን አመመኝና ቤተ መጻሕፍት አዛወሩኝ" አለ እራት ላይ። "ደግነቱ ጎበዝ ወጣት መምህር እየመጣላችሁ ነው።"

ይመኙሻል መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባላትን ሰውዬ ዐይን ቀና ብላ አየች። ኤልቤቴል ግን ደነገጠች። "ከኛ ክፍል ወጣህ?" አለች። "ለሁልጊዜ?" እሱ ድንጋጤዋን ለጤናው ያሰበች መስሎት፣ "አይዞሽ፣ የሚከፋ አይደለም" አላት። አናናሱን አልነካችውም።

ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ማንም አልመጣም። ሦስተኛውም አለፈ። ቤተ መጻሕፍቱ ከአሥራ አንደኛ ቢ ፊት ለፊት ነው። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወልደዮሐንስ በመደርደሪያዎቹ መካከል ቆሞ ያንን ክፍል ያዳምጣል። ጩኸት፣ የወንበር ኳኳታ፣ ሳቅ። አንዳንዴ ጠመኔ የለመደው እጁ ሰሌዳ ፍለጋ ይነሣል። በየቀኑ ልዑልሰገድ ጋ ይሄዳል። ልዑልሰገድም በየቀኑ ስልክ ደውሎ፣ "በሂደት ላይ ነው ይላሉ፣ ጋሼ" ይለዋል። እመለሳለሁ የሚለው ቃል አፉ ድረስ እየመጣ ይውጠዋል። ከተመለሰ ያቺ ልጅ ዳግመኛ ላጲስ ልትይዝ ነው።

መጋቢት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ኤልቤቴል ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመች። ዩኒፎርም አልለበሰችም። እጇ ላይ አንድ ቅጽ አለ። ወልደዮሐንስ ከሩቅ አወቀው። ትምህርት ቤቱን የሚለቅ ተማሪ ከየክፍሉ የሚያስፈርመው ክሊራንስ ነበር። ንብረት ክፍል ፈርሟል፣ ስፖርት ክፍል ፈርሟል፣ ላብራቶሪ ፈርሟል፣ እናት መልቀቋን ስለመፍቀዷ ፈርማለች። የቀረው የቤተ መጻሕፍት ፊርማ ብቻ ነው።

"እናትሽም?" አለ።

"ጠዋት ነው የፈረመችው። ስታለቅስ ነበር።"

"ኤልቤ፣ መምህሩ ሊመጣ እኮ ነው። ትንሽ…"

"አይመጣም፣ አባዬ።" ጠረጴዛው ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዐይኗ ቀልቷል፤ ግን ቆርጣለች። "እስከ ዛሬ የመጣሁት ለምን ይመስልሃል?"

"ስለለመንኩሽ።"

"ያንተ ክፍለ ጊዜ ስለነበረ ነው። ልዋሽህ አልችልም፣ ከክፍልህ ብዙ የተማርኩት ነገር የለም። ግን አንተ ነበር የምትመጣው። ከመምህሮቹ ሁሉ እየሮጠ የሚገባ አንተ ብቻ ነበርክ። ስትሳሳት እንኳ ደስ ብሎህ ነበር። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ቀና ስትል ወንበሬ ባዶ ሆኖ እንድታይ አልፈለግሁም። ሌላውን ስድስት ክፍለ ጊዜ ለሱ ብዬ እችለው ነበር። ሁለት ዓመቱን እጨርሰው ነበር፣ አባዬ። አሁን ግን አንተም የለህም፤ ለማን ብዬ ልቀመጥ?"

ወልደዮሐንስ አፉን ከፈተ። ዐይኔ አልታመመም፣ የወጣሁት ላንቺ ብዬ ነው፣ ወረቀትሽን አይቼዋለሁ ሊላት ነበር። አሁኑኑ ተነሥቼ እመለሳለሁ፣ አንቺም ነይ ሊላት ነበር። ፊቷን አየ። ይህን ከነገራት ለሱ ደስታ ስትል ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እየደነዘዘች ትቀመጣለች፤ ያ ደግሞ እንዳይሆን ነው ክፍሉን የለቀቀው። ካልነገራት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው በር ይዘጋባታል። የትኛው እንደሚሻል አላወቀም። ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ይህን አንድ ነገር መሥራት አቃተው።

"ሐዋሳ መቼ ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ነገ። እታባ ሰላማዊት መናኸሪያ ትጠብቀኛለች።"

መዝገቡን ገልጦ ስሟን ፈለገ። የወሰደቻቸው መጻሕፍት ተራ ተጽፈዋል፤ ብዙ ናቸው፤ ከዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ያንን ያህል የወሰደ የለም። ሁሉም ተመልሰዋል። ብዕሩን አንሥቶ ቅጹ ላይ በሚያምረው ጽሕፈቱ "የሚፈለግባት ነገር የለም" ብሎ ጻፈ፣ ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን አሳረፈ። ኤልቤቴል ቅጹን ተቀብላ ጉልበቱን ሳመችና ወጣች። በመስኮቱ እስከ በሩ ድረስ አያት። አሮጌው ዘበኛ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው አሳለፏት።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ተደወለ። ከፊት ለፊት ጩኸቱ ጀመረ። ወልደዮሐንስ ጥቂት ተቀምጦ ቆየና ተነሣ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ቆለፈ፣ ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። ማንንም ሳያስፈቅድ ግቢውን አቋርጦ አሥራ አንደኛ ቢ ገባ። ጩኸቱ ቆመ፣ ስልሳ ሰባት ተማሪ ብድግ አለ። አንዳንዶቹ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ።

"ተቀመጡ" አላቸው።

ተቀመጡ። በሁለተኛው ረድፍ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ብቻ ሰው የለበትም። እንዳያይ የፈለገችውን አየ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሮ፣ ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ አለቀሰ፤ ሲጨርስ የዕለቱን ቀን ጻፈ።